የጋሼ መኪና መሪ

መስከረም 18

እትዬ፣

ሰላምታው ትንሽ ይቆይና ዛሬ ጠዋት የሆነውን ልንገርሽ። አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ አምስቱን ተማሪዎች ጭኜ ትምህርት ቤቱ በር ጋ ልታጠፍ ስል ትከሻዬ ቀጥ አለ። መሪው ግማሽ ዞሮ ቆመ፣ እኔም ግማሽ ዞሬ ቆምኩ። መኪናዋ መንገዱን እንደ መቀርቀሪያ ዘጋችው። ከኋላ ክላክስ፣ ከፊት ክላክስ። ሚስቴ ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ከጎኔ ትቀመጣለች፤ «ሳቢ!» ስላት መሪውን አብራኝ ትስባለች፣ «ልቀቂ!» ስላት ትለቃለች። ዛሬ ሁለታችንም ተንጠልጥለንበት አልዞር አለ። አንድ የሚኒባስ ሹፌር አንገቱን አውጥቶ «አባት፣ ዝሆን ነው እንዴ የምትጎትቱት?» አለ። ልጆቹ ሳቁ። ሚስቴም ሳቀች። ያልሳቅኩት እኔ ብቻ ነኝ። በመጨረሻ ዘበኛውና አንድ ወላጅ ገፍተው አወጡን።

አሁን ሰላምታው። እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? ብርዱ ጀመራችሁ ወይ? እኛ ከትከሻዬ በቀር ሁላችንም ደህና ነን። ፈጣሪ አንቺንም በያለሽበት ይጠብቅልን።

የምጽፍልሽ በሦስት ነገር ነው፦

1. ሐኪሙ «ይህን መሪ ካልተውከው ክንድህ ይተውሃል» ብሎኛል።

2. የልጆቹ ወላጆች ዛሬውኑ ተነጋግረው፣ የሁለተኛው መንፈቅ ትምህርት የካቲት 3 እስኪከፈት መኪናዋን ካላስተካከልኩ ሚኒባስ እንደሚይዙ ነግረውኛል። ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ በትህትና ነው የነገሩኝ፣ እሱ ነው የባሰብኝ። ልጄ ኮሌጅ የምትማረው በዚህ ሥራ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ሌላ የለኝም።

3. መካኒኩ፣ ከሌላ መኪና ላይ በዘይት ግፊት የሚሠራ የመሪ ሳጥን ከነፓምፑ ቢገኝ ገጥሞልኝ መሪውን በአንድ ጣት እንደማዞረው ይምላል። እዚህ ግን ቢፈለግ ቢፈለግ ጠፋ።

አንቺ ደግሞ አሮጌ መኪና በሚፈታበት ግቢ ነው የምትሠሪው። መኪናዋ የአባትሽ የጋሼ ናት፤ ለኔ ለእንጀራ ልጃቸው ቢተዉልኝም አንቺን ሳልጠይቅ አንድ ቡሎን አልፈታም። በስልክ ያልነገርኩሽ ስልክ ላይ ነገር ስለሚጠፋ ነው። የተጻፈ አይጠፋም።

ወንድምሽ


ጥቅምት 14

ደብተሬ፣

አባባ ያወጡልህን ስም ዛሬም እጠራሃለሁ፣ ብትቆጣም ባሕር አትሻገርም። ለሁላችሁም ጤና ይስጥልኝ። ጉልበቴ እንዳለ ነው፤ ብርዱ መጥቷል።

ያንን መሪ አባባ ታክሲ ሲነዱ ሠላሳ አንድ ዓመት አዞሩት። አንድም ቀን «ትከሻዬን» ሲሉ አልሰማኋቸውም። ደብዳቤህን ሳነብ መጀመሪያ ያሰብኩት «ተዋት፣ እንዳለች ትኑር» ልልህ ነበር። አራት ቀን ኪሴ ይዤው ዞርኩ። በኋላ ሚስትህ ከጎንህ ስትስብ በዓይኔ መጣችብኝና ሳቅኩ። እና ይሁን።

ግን እኔ እዚህ ሚዛን ላይ ነው የምሠራው። ብረት በኪሎ እንጂ በስሙ አላውቅም። ምን ያህል ቁመት፣ ምን ያህል ስፋት፣ የቡሎኑ ቀዳዳ ስንት እንደሆነ በወረቀት ነድፈህ ላክልኝ። ካላወቅኩት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው የሚሆንብኝ።

መኪናዋ ለአንተ መሰጠቷን የሰማሁት እዚህ ከማላውቀው ሰው አፍ ነው። አባባ መሞታቸውንም ከዚያው ሰው፣ በአስራ ሰባተኛው ቀን፣ አውቶቡስ ስጠብቅ። እሱን ተወው።

እህትህ


ጥቅምት 30

እትዬ፣

ጤና እንደምትመኝልን ላንቺም ይብዛልሽ። መልስሽ ሲደርስ ሚስቴ እልል አለች፣ ጎረቤት ልጃችን የተዳረች መስሎት መጣ።

ሁለት ቀን ሙሉ መኪናዋ ሥር ተኝቼ ለካሁ። አስራ አራት ነገር ነው። ዋና ዋናውን እዚህ፣ የቀረውን ከጀርባው ታገኚዋለሽ፦

1. የሳጥኑ ቁመት፦ 21 ሳንቲም ከግማሽ

2. ስፋት፦ 14 ሳንቲም

3. የቡሎን ቀዳዳ፦ ሦስት (በወረቀት ነድፌዋለሁ፣ የዘይት ጠብታውን ይቅርታ አድርጊልኝ)

4. ከሞተሩ ያለው ክፍተት፦ አራት ጣት፣ በኔ ጣት። በሳንቲም 7

5. የዘንጉ ውፍረት፦ 2 ሳንቲም ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው

6. ፓምፑን የሚያዞረው ቺንጊያ የሚያልፍበት ቦታ፦ አለ

መካኒኩን «የረሳሁት ነገር አለ?» ብዬ ሁለት ጊዜ ጠየቅኩት። «አንተ የምትረሳው ነገር ካለ እኛ መሞት አለብን» አለኝ። ልጄም አነበበችው። ስለዚህ ሙሉ ነው፣ በዚሁ ፈልጊ።

የካቲት 3ን አደራ። ዛሬ ሦስት ወር ከጥቂት ቀን ቀርቶታል፤ መላኪያው ብቻ አንድ ወር ከበላብን ምን እንደሚቀረን አስይው። ትከሻዬን በጨርቅ አስሬ ነው የምነዳው።

ሌላውን ያልሽውን ነገር በአካል ስንገናኝ እንጫወተዋለን።

ወንድምሽ


ኅዳር 27

ደብተሬ፣

ሰላም ለሁላችሁ። አጭር ነው፣ በምሳ ሰዓት ነው የምጽፈው።

ተገኘ። ማክሰኞ አንድ አሮጌ መኪና ተጎትቶ ገባ። ከላይ ዝጎ አልቋል፣ ከታች ግን አንጀቱ ጤነኛ ነው። የለካኸውን ሁሉ አስለካሁ፤ ፈቺው ልጅ ወረቀትህን አይቶ «ይህ ሰውዬ መሐንዲስ ነው?» አለኝ፣ «ተማሪ አመላላሽ ነው» አልኩት። ቁመት ልክ። ስፋት ልክ። ሦስት ቀዳዳ። ሳጥኑን፣ ፓምፑን፣ ቱቦዎቹን፣ ዘንጉን ከነመሪው ከደሞዜ ተቆራጭ አስደርጌ ገዛሁ። ዛሬ ጠዋት በጭነት ተልኳል። የላክሁበትን ዋጋ አትጠይቀኝ።

አንድ ነገር ግን እፈልጋለሁ። አዲሱ ከራሱ መሪ ጋር ስለሚመጣ አሮጌው መሪ አያስፈልግህም። እሱን ላክልኝ። ያንን ትልቁን፣ አባባ በጥቁር ፕላስተር የጠቀለሉትን። ሌላ ከዚያ ቤት የምፈልገው የለም።

እህትህ


ጥር 9

እትዬ፣

እንደምን ከረምሽ። ስለ ሰላምታው ማሪኝ፣ ዛሬም ጠዋት ሌላ ጉድ ነው።

ዕቃው የደረሰው ታኅሣሥ 28 ነው። መካኒኩ አስር ቀን ሠራው፤ እስከዚያ ልጆቹን ወላጆቻቸው ያደርሷቸዋል። መጀመሪያ ሻሲው ላይ አልገጥም አለ፤ ቀዳዳዎቹ ቁጥራቸው ልክ ሆኖ በተቃራኒ በኩል ዋሉ። «ቢገለበጥ ይገባል» አለና ገለበጠው። ገባ። እኔም አመሰገንኩት። የድሮውን ዘንግ ቆርጦ አዲሱን አያያዘ።

ትናንት መኪናዋን በክሪክ አንስተን ፈተንናት። እኔ ውስጥ ተቀመጥኩ፣ እሱ ከመኪናዋ ፊት ቁጢጥ ብሎ ጎማዎቹን ያያል። መሪውን ወደ ቀኝ አዞርኩና «ቀኝ!» አልኩ። እሱም «ቀኝ!» አለ። ወደ ግራ አዞርኩና «ግራ!» አልኩ። «ግራ!» አለ። ሦስት ሦስት ጊዜ አድርገን ደብተሬ ላይ ምልክት አደረግኩ። እንዴት እንደሚቀል ልነግርሽ አልችልም፣ በትንሿ ጣቴ አዞርኩት። ዓይኔ እንባ ሞላ።

ዛሬ ጠዋት ከጋራዡ አውጥቼ ወደ ቀኝ ልታጠፍ መሪውን ወደ ቀኝ ባዞር መኪናዋ ወደ ግራ ሄደች። ደነገጥኩና ይበልጥ ወደ ቀኝ አዞርኩ። ይበልጥ ወደ ግራ ሄደች። ፍሬን ስይዝ የአናጺው ሱቅ ደጃፍ ላይ ነበርኩ፤ ቀለም ተቀብቶ እየደረቀ ያለ ባለ ሦስት በር ቁም ሣጥን ውስጥ የመኪናዋ አፍንጫ እንደ ኮት ገብቶ ቆመ። ሰው አልተጎዳም፣ ተመስገን። ተማሪዎቹም አልነበሩም። አናጺው መዶሻውን እንደያዘ መጣና «ምነው፣ በሩን ከፍቼልህ ብትገባ አይሻልም ነበር?» አለኝ።

መካኒኩ ሥሯ ገብቶ ቆይቶ ሲወጣ አፉን ይዞ ነበር። እትዬ፣ ሳጥኑ የተፈታው ሹፌሩ በቀኝ በኩል ከሚቀመጥበት መኪና ነው። ለኛ መኪና እንዲገባ ሲገለበጥ ሥራውም አብሮ ተገለበጠ፦ ወደዚህ ሲሉት ወደዚያ። ትናንት ደግሞ ያ ሰውዬ ፊቱን ወደኔ አዙሮ ነበር የተቀመጠው። የሱ ቀኝ የኔ ግራ ነው። ሁለት ትልልቅ ሰዎች ቀኝና ግራ እየተጯጯህን አንድም አላወቅንም።

እኔ የምጠይቅሽ አንድ ነው፦ እንዴት አላየሽም? እዚህ አገር የትኛው መኪና ነው ሹፌሩ በቀኝ ተቀምጦ የሚነዳው? አንቺ እዚህ ነው ያደግሽው።

የካቲት 3 ሃያ አራት ቀን ቀርቶታል። አሮጌው ዘንግ ተቆርጧል፣ ወደ ኋላ መመለስ የለም። በቶሎ ጻፊልኝ።

ወንድምሽ


ጥር 29

ደብተሬ፣

ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ተቆጣሁ፤ ከአስራ አራቱ ነጥብህ አንዱ «ሹፌሩ በየት በኩል ይቀመጣል?» ቢሆን ኖሮ ብዬ። ዝርዝርህን አወጣሁና ፈለግኩ። የለም። ዘንጉ በምላጭ ውፍረት ተለክቷል፣ ያንተ ጣት ሳይቀር ተለክቷል፣ እሱ የለም።

በሁለተኛው ላይ ግን ቁጭ አልኩ። እዚህ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ሹፌር ሁሉ በቀኝ ይቀመጣል፣ እኔም አውቶቡስ የምጠብቀው በዚሁ ልማድ ነው። ዓይኔን ጨፍኜ ከአባባ ጋር ገበያ ስንሄድ አሰብኩ። እጃቸው መሪው ላይ አለ። ፕላስተሩ አለ። የአውራ ጣታቸው ጥፍር አለ። ከየትኛው ጎናቸው እንደተቀመጥኩ ግን አጣሁት። አንዴ በዚህ፣ አንዴ በዚያ ይሆንብኛል። በየትኛው በር ነበር የምገባው? የአባቴን ጎን ረሳሁ፣ ደብተሬ። ያላየሁት ለዚህ ነው።

ሌላ እፈልጋለሁ። በየካቲት 3 እንደማይደርስ አንተም እኔም እናውቃለን።

መሪውን ላክልኝ ያልኩህን አልመለስክልኝም።

እህትህ


የካቲት 19

እትዬ፣

ጤናሽ እንደምን ነው? ደብዳቤሽ የደረሰኝ ትምህርት ቤት በተከፈተ በአሥረኛው ቀን ነው።

ሚኒባሱ ተይዟል። በር ላይ ቆሜ አየሁት፤ አምስቱም ልጆች ገብተው ገና ስድስት ወንበር ባዶ አለው። ትንሿ ልጅ በመስኮት እጇን አወዛወዘችልኝ። ያ «ዝሆን ነው እንዴ» ያለኝ ሹፌር ነው የያዘው፤ እሱም አወዛወዘልኝ። ወላጆቹ ለመጪው ዓመት ቦታዬ እንዳለ ነግረውኛል። እስከዚያ ያለው ሰባት ወር ነው፣ በጣቴ ቆጥሬዋለሁ። ልጄ ለኮሌጁ ላልከፈለችው ተማጽና ቀኑን አስረዘመች። ሚስቴ የጎረቤት ልብስ ትተኩሳለች። እኔ ጠዋት ጠዋት እነሳለሁ፣ ጫማዬን አደርጋለሁ፣ የምሄድበት የለም።

ተቆጥቼብሽ ነበር፣ አልዋሽሽም። ይህችን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ በቁጣ ጽፌ ቀድጃለሁ። ልጄ አንዱን አንብባ «አባዬ፣ ቁጥር 4 ላይ ስድብ አለ» አለችኝ።

ከዚያ አንድ ነገር ልፈልግ የድሮ ደብተሬን ባወጣ ጋሼ ያረፉ ቀን የጻፍኩትን አገኘሁ። የሚነገራቸው ሰዎች ዝርዝር ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩት፣ ሁሉም «አንተ ጻፍ፣ አንተ አትረሳም» ብለውኝ። አርባ ሁለት ስም አለበት። ጋሼ ዘይት የሚገዙበት ሱቅ ባለቤት እንኳን አለ፤ ቁጥር 31 ነው። በሁሉም ላይ ምልክት አድርጌያለሁ።

ያንቺ ስም የለበትም። እያንዳንዱ ሰው ሌላው የነገረሽ መሰለው፣ እኔም መሰለኝ። ይህን «በአካል ስንገናኝ» ያልኩሽ ስለፈራሁ ነው። አንቺ የአባትሽን ጎን ረሳሁ አልሽ፤ እኔ ያንቺን ስም ረስቻለሁ። ስለ ሳጥኑ ከእንግዲህ አንድ ቃል አልናገርም።

ለጥያቄሽ መልሱ፦ ጋሼ በግራ ነበር የሚቀመጡት። አንቺ በቀኝ፣ መስኮቱ ጋ። ያ በር ከውስጥ አይከፈትም ነበር፤ ጋሼ ወርደው፣ ዞረው፣ ከውጭ ነበር የሚከፍቱልሽ።

መሪው በደህና ቦታ ነው።

ወንድምሽ


መጋቢት 26

ደብተሬ፣

ስለ በሩ አመሰግናለሁ። እውነት ነው፣ ይዞሩ ነበር። ስለ ዝርዝሩ ምን እንደምልህ ገና አላወቅኩም፣ አትጠብቀኝ።

ሳጥኑን ሌላ ግቢ ነው ያገኘሁት፣ ሦስት አውቶቡስ ቀይሬ። ሻጩን «የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥልኝ» አልኩት። በግራ ተቀመጠ። «ውረድ፣ እንደገና ተቀመጥ» አልኩት። አሁንም በግራ። በሦስተኛው «እማማ፣ መኪና ነው የምትገዢው ወይስ እኔን?» አለኝ። በሳጥኑ ጀርባ በቀለም «ግራ» ብዬ ጽፌበታለሁ። ዛሬ ተልኳል። ለዚህ መግዣ ከሥራ ጓደኛዬ ተበድሬያለሁ፣ እሱ የኔ ጉዳይ ነው።

«ደህና ቦታ» ማለት የት ነው? ሰው ዕቃውን ደህና ቦታ ነው ሲል ከእጁ ወጥቷል ማለት ነው። አባባም እናትህ ስለ ብር ስትጠይቃቸው እንዲያ ነበር የሚሉት።

እህትህ


ግንቦት 4

እትዬ፣

ጤና ከነሙሉ ቤትሽ ይስጥሽ። ዛሬ ጠዋት ሌላ ጉድ የለም። ሳጥኑ ሳይገለበጥ ገባ። ስንፈትን መካኒኩን ከኔ ኋላ፣ በኋላ ወንበር አስቀመጥኩት፣ ፊቱ ወደ ፊት። ሚስቴ ውጭ ቆማ ጎማው የዞረበትን በጣቷ ጠቆመች፣ ቀኝም ግራም የሚባል ቃል በመካከላችን አልተነገረም። ከዚያ ትምህርት ቤቱ በር ድረስ ባዶዋን ነዳኋትና ታጠፍኩ። አንድ እጅ በቃኝ። ዘበኛው ሊገፋ ተነስቶ ነበር፣ ተመልሶ ተቀመጠ።

አሁን የጠየቅሽኝ። ባለፈው ደብዳቤዬ ልጽፈው የሚገባ ነበር።

ለመካኒኩ ያስቀመጥኩትን ብር በሙሉ ያ ቁም ሣጥን በላው። አናጺው በቀኑ ሊያደርስ ለደንበኛው ቃል የሰጠበት ሥራ ስለነበር በዚያው ቀን ከፈልኩት። መካኒኩን «የተሳሳተ ሥራ ነው የሠራኸው፣ አልከፍልም» አልኩት። «የመጣልኝን ነው ያሰርኩት፣ የላከው ዘመድህ ነው» አለኝ። ተጨቃጨቅን። መያዣ ስጠኝ አለ። በእጄ የነበረው መሪው ነበር፤ ላንቺ ልልከው በጨርቅ ጠቅልዬ ይዤው ቆሜ ነበር። ሰጠሁት። አልሸጠውም፣ አይሸጠውምም፤ ምስማር ላይ ሰቅሎታል። በሄድኩ ቁጥር አየዋለሁ። ፕላስተሩ በአንድ በኩል ተላጧል፣ ጋሼ አውራ ጣታቸውን የሚያሳርፉበት ጋ፣ በግራ በኩል።

የሁለተኛውን ጊዜ ሥራም በዚያው ላይ ጨምሮ ጽፎታል። ልጆቹን ማመላለስ ስጀምር ከመጀመሪያው ወር ክፍያ እከፍለዋለሁ፤ እሱም መስከረም ነው።

ያልተከፈለው፦ የመካኒኩ የሁለት ጊዜ የእጅ ዋጋ፣ ስድስት ሺህ አራት መቶ ብር። መሪው እሱ ጋ ነው።

ወንድምሽ